ሱረያ ያስጎበኘችኝ አዲስ አበባ

ውድ ሱረያ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ከድር ነው። እዚህ ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር የቀን ሥራ ሲሠራ የኖረ የወረባቦ ልጅ ነው፤ አሁን በቃኝ ብሎ አገሩ ሊገባ ነው። የሰፈርሽን ስም ስነግረው «ከኛ የግማሽ ቀን መንገድ ናት» ሲለኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። የአማርኛ ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ስለሆንሽ፣ ግድፈት ብታገኚ ጥፋቱ የተማሪዋ ብቻ አይደለም።

ዘንድሮ እኔና እማ ለሐጅ ፈቃድ ወጥቶልናል። መካ ተወልጄ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለከርሞ ለከርሞ ስል መኖሬን ስትሰሚ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። እማ ደግሞ እንደ አገሯ ወግ ከመሄዳችን በፊት ያስቀየምነውን ሰው ሁሉ እየዞርን አፉ እንድንባል አዘዘች። ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ የተጣላናትን ልብስ ሰፊ ሳይቀር ጨረስን። «የቀረሽ ሰው አለ?» ስትለኝ «የለም» አልኳት። ዋሸኋት፤ አንቺ ቀርተሻል። አፉ የሚጠየቀው ደግሞ ጥፋቱን ተናግሮ ነው እንጂ በደፈናው አይደለም።

የጉዞ ቢሯችን የገባሽ ሰሞን ትዝ ይልሻል? ሙዲሩ፣ አለቃችን ፉኣድ፣ በጋውን የት እንደሚያሳልፉ ለቸገራቸው ደንበኞች አዲስ አበባን የሚያስተዋውቅ ወረቀት ጻፊ ብሎኝ ነበር። ሐበሻ ስለሆንኩ የማውቅ መስሎት ነው። እኔ ደግሞ አገሬን ከፓስፖርቴ ሽፋን በቀር አላውቃትም። አንቺ ወለል እያጸዳሽ ነበር፤ መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፍሽና መጣሽ።

«ያለ ሙዚየሙማ እንዳትጽፊው፤ ድንቅነሽ እዚያ ናት» አልሽኝ። «ከዚያ እንጦጦ ያውጧቸው። ጋቢ ያዙ በያቸው፣ ወላሂ ይበርዳል። አንበሳ ማየት ከፈለጉ አንድነት ፓርክ አለ። እስክስታ ከፈለጉ የባህል ምግብ ቤት ሞልቷል፤ ግን ከፊት አይቀመጡ፣ ጎትተው ነው የሚያስጨፍሯቸው!»

እኔ ወደ ዐረብኛ እየመለስኩ እጽፋለሁ። መጨረሻ ላይ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ኮረብታ ላይ ስላለው የመንዙማ ቤት ነገርሽኝ። ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ድቤ ይመታል፣ እንግዳ አይከፍልም፣ መጥቶ ያልተቀመጠ የለም አልሽ። ከወረቀቱ ሁሉ ያማረው እሱ ነበር።

ከጉዞው የተመለሱት የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ሁሉን ወደዱት፤ የመንዙማውን ቤት ግን ሁለት ቀን ታክሲ ይዘው ፈልገው አጡት። ስጠይቅሽ ባልዲውን ገልብጠሽ ተቀመጥሽበት።

«መኪያዬ፣ እኔ አዲስ አበባን መቼ አየኋት? ወደዚህ ስመጣ አሥራ አንድ ቀን ደላላው ቤት ተዘግቶብን ነው የከረምነው። ቴሌቪዥን ነበረ፤ እሱን ነው ያየሁት።»

«መንዙማውስ?»

«እሱማ የኛ ሰፈር ነው። ድቤውን የሚመታው አባቴ ነው። ሌላው ሁሉ የሰው ሆነብኝ፤ አንድ እንኳ የራሴን ልጨምር ብዬ ነው።»

መጀመሪያ ሳቅን፣ ቀጥሎ ተላቀስን። ከወረቀቱ ላይ አልሰረዝኩትም። ለጠየቀኝ ደንበኛ ሁሉ «ለጊዜው እድሳት ላይ ነው» እያልኩ ስመልስ አንቺ ከጀርባ ሆነሽ አፍሽን በሻርፕሽ ትይዢ ነበር። አንድ ቀን ሁለታችን እንደ ቱሪስት ካሜራ አንግተን እንሄዳለን ተባብለን ነበር።

ሁለት ወር ሳይሞላ ፈታሾቹ መጡ። ፉኣድ አልነበረም። አንቺ ሥራ ጨርሰሽ የደንበኞች ወንበር ላይ ተቀምጠሽ የወረቀቱን ፎቶዎች ታያለሽ። የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን አሳየሁ። አንደኛው በጣቱ ወደ አንቺ ጠቆመና «ታውቂያታለሽ?» አለኝ።

ያለ ኢቃማ ቢሮው ያስገባሁሽ እኔ ነበርኩ። አውቃታለሁ ካልኩ ሥራዬም ኢቃማዬም ያበቃል፤ እማ ከኔ ሌላ ማንም የላትም። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ግን በኋላ ነው። በዚያች ቅጽበት የፈራሁት ለራሴ ነበር። «አላውቃትም» አልኩት። ዐረብኛው እንዳይገባሽ ተመኘሁ፤ ሦስት ዓመት ማዳም ቤት የሠራ ሰው እንዴት አይገባው!

አንቺን «ማን አመጣሽ?» ሲሉሽ ወደኔ እንኳ አላየሽም። «ማንንም አላውቅም። ሙቀቱ ገድሎኝ ውሃ ልለምን ገባሁ» አልሻቸው። ሰውዬው ወደኔ ዞሮ «ታዲያ ስጫት እንጂ!» አለኝ። ቀዳሁልሽ። ጠጥተሽ ብርጭቆውን መለስሽልኝና፣ አይተሽኝ እንደማታውቂ ሴት «ሹክረን» አልሽኝ። ከዚያ ይዘውሽ ወጡ።

አገርሽ እስኪመልሱሽ ሹመይሲ እስር ቤት አምስት ሳምንት ቆየሽ። እኔም ሐሙስ ሐሙስ እማ ዘንድ መካ ስሄድ አምስት ጊዜ በዚያ በኩል አለፍኩ። ቢሮ ትተሽው የሄድሽው ልብስሽ እንኳ እኔ ዘንድ ነበር። አንድ ቅያሪ አድርስልኝ ብዬ የምለምነው ሰው አላጣሁም፤ አፍሬ ነው። አውቶቡሱ እዚያ ሲደርስ ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞር ነበር። ሱረያ፣ ከ«አላውቃትም» ይልቅ ይሄኛው ይብስብኛል፤ ያኛው የድንጋጤ ነው፣ ይሄኛውን አምስት ጊዜ አስቤ ነው ያደረግሁት።

ልብስሽን ከድር ይዞልሻል፤ አጥቤዋለሁ። ስልክም አለው። አፉ ብዬሻለሁ ካልሽ ድምፅሽን ቅጂና ላኪልኝ። አላልኩሽም ካልሽም መብትሽ ነውና እሱኑ ላኪልኝ። ዝም ብቻ አትበዪኝ። ድምፅሽ ካልደረሰኝ እማ ከጎረቤቶቻችን ጋር ትሄዳለች፣ እኔ እቀራለሁ።

ለእማ ደግሞ ነገ ሁሉን ልነግራት ነው። ከየት እንደምጀምር ስጨነቅ ከረምኩ፤ አሁን አግኝቻለሁ። «እማ፣ ሱረያ የምትባል ልጅ አውቃለሁ» ብዬ ነው የምጀምረው።

መኪያ
በግዳዲያ፣ ጅዳ