በአንድ እጅ የሚከፈት መሳቢያ

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትህ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ደረጃ ስትወጣ የሚይዝህ ጉልበትህስ ለቀቀህ ወይስ አሁንም እያነከስክ ነው? ባለቤትህ እንዴት ናት? የሥራ ሰዓቷ ተስተካከለላት? ልጆቹስ? ትልቋ በቁመት አለፈችኝ ብለህ የነገርከኝን ለሁሉም አውርቼ ሳቅንብህ፤ አንተን ለማለፍ እኮ ብዙ መንጠራራት አያስፈልግም። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባባም ደህና ናቸው። ይህን የምልህ እንደ ወትሮው እንዳትጨነቅ ብዬ አይደለም። ዛሬ በእውነት ደህና ናቸው፤ እንዴት ደህና እንደሆኑ ልንገርህ ብዬ ነው ወረቀት ያነሣሁት።

በመጀመሪያ ግን የሚያስቆጣህን ላስቀድም። አባባን እያለበሰ የሚውል አስታማሚ ቀጥረህ በሚመጣው ሰኞ እንዲጀምር ተነጋግረህ ነበር። እኔ ደውዬ እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ። ይህን በስልክ ብነግርህ ትጮህብኛለህ፣ አንተ ስትጮህ ደግሞ እኔ ቃል ይጠፋኛል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብበህ፣ ከዚያ በኋላ መጮህ ከፈለግህ ጩህ።

አባባ ከታመሙ ወዲህ ግራ እጃቸው አልታዘዝ እንዳላቸው ታውቃለህ። እግራቸው ግን በርትቷል፤ ሸሚዝም በአንድ እጅ መልበስ ተምረዋል። የማይሠራውን እጅ አስቀድመው ያስገባሉ፣ ከዚያ ሌላው ይከተላል። ሆኖም ጠዋት ወደ ልብስ እጥበት ሥራዬ ስሄድ በሌሊት ልብሳቸው ትቻቸው እሄዳለሁ፣ ከሰዓት ስመለስም በዚያው በሌሊት ልብሳቸው አልጋቸው ጫፍ ላይ አገኛቸዋለሁ። «ምነው አባባ፣ አልለበሱም?» ስላቸው «የት ልሄድ ብዬ?» ይሉኛል። ተስፋ የቆረጡ መስሎኝ ነበር። ላንተም የነገርኩህ እንደዚያ ነው፣ አስታማሚ የቀጠርከውም በእኔው ወሬ ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ስመለስ በራቸው ገርበብ ብሎ ነበር። ከኮመዲኖው ጋር ይታገላሉ። ያን ረጅሙን ባለ አራት መሳቢያ ኮመዲኖ ታስታውሰዋለህ፣ ልጆች ሳለን ላዩ ላይ ወጥተህ የወደቅክበትን። መሳቢያዎቹ የሚሄዱበት ሀዲድ አርጅቷል፤ ትንንሾቹ ጎማዎች ተበልተው አልቀዋል፣ ብረቱም ጎብጧል። ስለዚህ ለመክፈት በአንድ እጅ ብድግ አድርጎ በሌላው መሳብ ነው። እኛ ሁለት እጅ ያለን ሰዎች ይህን ሳናስበው ስናደርገው ኖረናል። እሳቸው በቀኛቸው ይስባሉ፣ መሳቢያው ይንጋደድና ድርቅ ይላል። በጉልበታቸው ከሥር ሊያነሱት ሞከሩ። አልሆነም። ከዚያ ግንባራቸውን ኮመዲኖው ላይ አስደገፉ።

እኔም ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ተመለስኩና የውጭውን በር ድው አድርጌ እንደ አዲስ ገባሁ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። «የት ልሄድ ብዬ?» አሉ፣ ገና ሳልጠይቃቸው። ወንድሜ፣ ሴት ልጃቸውን የውስጥ ሱሪ አውጪልኝ ማለት ከብዷቸው ነው በሌሊት ልብስ የሚውሉት። ለእኔ ያልተናገሩትን ለማያውቁት ሰው ይናገራሉ? ተስፋ አልቆረጡም። መሳቢያው ነው ያሰራቸው። በዚያች ቀን መሳቢያው በአንድ እጅ ሳይከፈት ማንም አስታማሚ እዚህ ቤት እንደማይገባ ቆረጥኩ።

አሮጌውን ጥላችሁ አዲስ ልግዛላችሁ ማለትህን አልረሳሁም። አዲሶቹን ሄጄ አየኋቸው። መልካቸው ያምራል፣ ጎናቸውን በጣቴ ብጫነው ግን እንደ ካርቶን እጥፍ አለ። የእኛው ጥርሱ ነው ያለቀው፣ አጥንቱ ደህና ነው።

አናጢውን፣ «ነገ መጣሁ» የምንለውን፣ ታውቀዋለህ። ስሙን ማን እንዳወጣለት ያውቃል፣ አይከፋውም። «ነገ መጣሁ፣ እኅቴ» አለኝ። በነጋታውም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን «ይሄ እኮ ለእኔ ትንሽ ሥራ ነው፣ ጊዜ አጥቼ ነው» ሲለኝ «ትንሽ ከሆነማ እኔም አያቅተኝም» አልኩት። «ካቻቪቴ በየት በኩል እንደሚያዝ ታውቂያለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። «አውሰኝና ታያለህ» አልኩት። እየሳቀ ካቻቪቴውንም ውሃ ልኩንም ሰጠኝ። ደግ ሰው ነው፣ ነገው ብቻ ነው የማይመጣለት።

አንዱን አሮጌ ሀዲድ ነቅዬ በጋዜጣ ጠቅልዬ ዕቃ መሸጫው ሄድኩ። ባለሱቋ ርዝመቱን ለካችና «በመሳቢያውና በሳጥኑ ግድግዳ መሀል ያለው ክፍተትስ?» አለችኝ። «ትንሿ ጣቴ ትገባለች» አልኳት። የእኔን ጣት አየች፣ የራሷን አየች። «በማንኛችን ጣት ልስጥሽ?» አለችኝና ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄ፣ ቤቴ ተመልሼ በማስመሪያ ለክቼ መጣሁ። በጎማ ፋንታ ጥቃቅን የብረት ኳሶች ያሉበትን ሰጠችኝ፤ ስላይድ ይሉታል። በካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ስዕል ብቻ ነው፣ አንድም ፊደል የለውም። እንደ እኔ ከዕቃ መጠቅለያ ላይ ማንበብ ለተማረ ሰው ስዕል ምኑ ይከብዳል ብዬ ደጋግሜ አየሁት።

ቅዳሜ መሳቢያዎቹን አውጥቼ አሮጌውን ሀዲድ በሙሉ ነቀልኩ። የብሎኖቹ ቀዳዳ ሰፍቶ ብሎን አልይዝ ስላለ ስቴኪኒ በኮላ እየነከርኩ ጠቀጠቅኩበት፤ ሲደርቅ ትርፉን ቆርጬ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ባለቤቴ ብቅ ብሎ «አናጢት፣ ዛሬ ምሳ አለ ወይስ ምስማር ነው የምንበላው?» አለኝ። «ከቀመስከው ብሎን አለ» አልኩት። ሄዶ ምሳውን ሠራ፤ ለእኔም ለአባባም አመጣልን። አባባ እያላመጡ ስሠራ ያዩኝ ነበር።

ስላይዱ ሁለት ቁራጭ ነው፤ አንዱ ሳጥኑ ላይ፣ ሌላው መሳቢያው ጎን ላይ ይታሰራል። መስመሩን በእርሳስ እያሰመርኩ፣ በውሃ ልክ እያየሁ አሰርኩና የመጀመሪያውን መሳቢያ አስገባሁት። በሁለት እጄ ስስበው ውሃ ላይ እንደሚሄድ ነገር መጣልኝ። እልል ማለት ነው የቀረኝ። «አባባ፣ ይሞክሩት!» አልኳቸው። ተነሥተው በቀኝ በኩል ያለውን እጀታ ያዙና ሳቡ። ትንሽ መጣ፣ ተንጋደደ፣ ድርቅ አለ። «ይሁን፣ ልጄ፣ ደክመሻል» ብለው ወደ አልጋቸው ተመለሱ።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ምን እንዳጠፋሁ ያወቅኩት ያኔ ነው። ለእሳቸው እየሠራሁ የሞከርኩት በእኔው ሁለት እጅ ነው። ሻርፔን አወለቅኩና ባለቤቴን ጠርቼ ግራ እጄን ወደ ኋላ አሳሰርኩት። «አበድሽ እንዴ?» አለኝ። «አጥብቀህ እሰር» አልኩት። በአንድ እጅ ስስበው ጥፋቱ ፍንትው ብሎ ታየኝ። የግራው ስላይድ ከቀኙ የጥፍር ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ሁለት እጅ ይህን ይሸፍነዋል፣ አንድ እጅ ግን ያጋልጠዋል። ደግሞም እጀታው ሁለት ነው፣ አንዱ ግራ ጫፍ፣ አንዱ ቀኝ ጫፍ። ከጫፍ የተሳበ ነገር መንጋደዱ አይቀርም።

እሑድ ቀኑን ሙሉ እሱን ሳቃና ዋልኩ። ስላይዶቹን እኩል አደረግኩ፣ ሁለቱንም እጀታ ነቅዬ በየመሳቢያው መሀል አንድ ሰፊ እጀታ አሰርኩ። ስሠራ እጄን እፈታለሁ፣ ስሞክር አሳስራለሁ። ባለቤቴ «ፖሊስ አደረግሽኝ» እያለ አጉረመረመ፣ ግን አልተለየኝም። አራቱም በአንድ እጅ እሺ እስኪሉ አላረፍኩም። ያን ጊዜ አባባ ሳልጠራቸው ራሳቸው ተነሥተው መጡ። በሁለት ጣት ሳቡት፤ መጣላቸው። መልሰው ገፉት፤ ገባላቸው። እንደገና ሳቡት። ከዚያ የመሀሉን እጀታ አይተው «ሁለት ዓይን የነበረውን ሳጥን አንድ ዓይና አደረግሽው» አሉኝ። አባባ ከታመሙ ወዲህ ቀልድ ከአፋቸው ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ የታጠበ ልብሳቸውን ይዤ እንደ ልማዴ በሩን ገፍቼ ገባሁ። ሸሚዝና ሱሪ ለብሰው በመሳቢያው ውስጥ ካልሲ ይመርጣሉ። ሹራባቸው የተገላቢጦሽ ነበር፤ እንዳላየሁ ሆንኩ። ልብሱን ላስገባ እጄን ስዘረጋ መሳቢያውን በደረታቸው ገፍተው ዘጉብኝ። «አስቀምጪው አልጋው ላይ። እኔ አስገባዋለሁ» አሉ። ከዚያ ኮስተር ብለው «ሁለተኛ ደግሞ ስትገቢ አንኳኪ፣ ሰው ልብስ ይቀይራል እኮ» አሉኝ።

ስለዚህ አስታማሚ አያስፈልገንም፤ ነገሩ ያለቀ ነው። ቁጣህ ሲበርድልህ ደውልላቸው፣ ጠዋት ላይ ግን አይሁን፣ እየለበሱ ስለሚሆኑ አያነሡልህም።

ባለቤትህን በእኔ ስም አቅፈህ ሳማት። ትልቋን ቁመቷን ትታ በትምህርቷ ትርዘም በልልኝ፤ ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ። ባለቤቴ «ከፖሊሱ» ብለሽ ሰላም በይልኝ ብሏል። ነገ መጣሁም ሰላም ብሎሃል፤ ካቻቪቴውን ስመልስለት ሥራዬን ሊያይ ነገ እመጣለሁ ብሏል። የአባባን ሰላምታ ለመጠየቅ አሁን ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። «ማነው?» አሉ፣ በዚህ ቤት ከእኔ ሌላ የሚያንኳኳ ያለ ይመስል። «እኔ ነኝ፣ አባባ፤ ለወንድሜ ሰላም ልበልልዎት?» አልኳቸው። «ቆዪ» አሉኝ። «ልብሴን ልጨርስ።» እየጠበቅኩ ነው።

እኅትህ

ከአባባ ክፍል ደጃፍ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ
ኅዳር ፲፬ ቀን