አትክፈቺው ያልሽኝ ክዳን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ከሰዓት በኋላ

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? ብርዱስ? ያቺ ስታንኮራፋ የምታድረዋ የመኝታ ክፍል ጓደኛሽስ? በስልክ መንገር ይቀለኝ ነበር፤ አንቺ ግን በድምፄ የደም ግፊቴን የምትለኪ ልጅ ነሽ። ስለዚህ መጻፉን መረጥኩ።

መጀመሪያ የምሥራቹን ልንገርሽ። አባትሽ ቆሞ መሄድ ጀምሯል። ምስማር የወጋው እግሩ ገጥሞለት ትናንት መጋዙን ይዞ ወደ እንጨት ሥራው ገባ።

እንዴት ዳነ ብትዪ፣ ነገሩ ካንቺ ትምህርት ይጀምራል። "እማ፣ ከስፌት መኪና ጋር ከምታወሪ ትንሽ ባዮሎጂ ላስጀምርሽ" ስትዪኝ ስቄ ነበር። ከዚያ ግን ያዘኝ። ጀርም ማብቀያ ብለሽ የላክሽልኝን የባሕር ሣር ዱቄት በሥጋ መረቅ አፍልቼ ባለ ክዳን የመስታወት ሳህኖች ላይ አረጋሁት። ፎም ሣጥን ውስጥ አምፖል አብርቼ እንደ ጫጩት አሞቅኋቸው። የበር እጀታውን በጆሮ ጥጥ ጠርጌ ሳህን ላይ ቀባሁ፤ የወሬኛዋን ጎረቤታችንን የ"ሬዲዮ"ንም ስልክ እንዲሁ። የእሷ ሳህን ጢም አበቀለ! ሳሳያት "ወሬዬ ነው የበቀለው" ብላ ከት ብላ ሳቀች።

አንድ ነገር አስጠንቅቀሽኝ ነበር። "ከሰው ቁስል እንዳትወስጂ፤ የበቀለበትንም ክዳን እንዳትከፍቺ።"

የአባትሽ እግር ግን ኪኒን እየዋጠም ያብጥ ነበር። ሽታው ከመጋረጃው ኋላ ይመጣል። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ "ይሻለኛል" ይላል። አንጀቴ አልቻለም። ፋሻውን ስቀይር ጥጡን አስነካሁና ሁለት ሳህን ላይ ቀባሁ። ኪኒኑን ፈጭቼ በጠበጥኩ፤ ክብ ወረቀት ነክሬም መሃሉ ላይ አስቀመጥኩ። መድኃኒቱ ከሠራ በወረቀቱ ዙሪያ ባዶ ክብ ይታያል ብለሽኛል። በማግስቱ ሳየው ምንም ባዶ ቦታ የለም። ጀርሙ ወረቀቱ ላይ ሁሉ ወጥቶበታል።

አንዱን ሳህን በፌስታል ጠቅልዬ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ዶክተሯ ስታየው ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።

"እናቴ፣ ይሄንን ቤት ውስጥ ነው ያሳደጉት?"

"አዎ፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ።"

"በዚህ ብቻ መድኃኒት አንቀይርም፤ እኛው እንመረምራለን። ቤት የቀረ ካለ ግን እንዳይነኩት። ሰው እንልካለን።"

የእነሱም ምርመራ ያንኑ አለ። ኪኒኑን በመርፌ ቀየሩለት፤ እብጠቱ እየሟሸሸ፣ ቁስሉም እየደረቀ መጣ። ይላካል የተባለው ሰው ግን ሳይመጣ ቀረ።

እኔም ጠብቄ ጠብቄ፣ ሁለተኛውን ሳህን ራሴ ላደርሰው ከሣጥኑ ሳወጣው ከእጄ አመለጠ። ልጄ፣ እኔ አልከፈትኩትም፤ ራሱ ተከፈተ። ስብርባሪውን ስለቅም አውራ ጣቴን ቆረጠኝ። ጣቷን ተወግታ የማታውቅ ልብስ ሰፊ የት አለች? በበረኪና አጥቤ፣ በእራፊ ጠቅልዬ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

ይህ የሆነው ዓርብ ነው። ዛሬ የምጽፍልሽ በግራ እጄ ነውና ፊደሉ ቢወላገድ ታገሺኝ። ቀይ መስመር ከአንጓዬ ተነሥቶ ክርኔን አልፏል። ክንዴ አብጦ አላስወልቅ ስላለ አባትሽ የሹራቤን እጅጌ በስፌት መቀሴ ቀደደው።

ዶክተሯ ጠዋት አይታኝ አሁኑኑ ይተኙ ብላለች። ልብስ ልያዝ ብዬ ነው ቤት የመጣሁት። አባትሽን ያዳነው መርፌ አልቋል አሉ፤ ከሌላ ከተማ እያፈላለጉ ነው። ይገኛል። ብትደውዪና ባላነሳ አትደንግጪ፤ የምተኛበት ክፍል ስልክ አያስገቡም።

አንድ ነገር ግን ያዢልኝ። ያስተማርሽኝ ሁሉ ልክ ነበር። አባትሽ ዛሬ የሚራመደው ባንቺ ትምህርት ነው። ማንም ምንም ቢልሽ፣ አንቺም ሌሊት ለራስሽ ምንም ብትዪ፣ ይህን የእናትሽን ቃል አስቀድሚ። ትምህርትሽን አቋርጠሽም እንዳትመጪ።

ሐኪም ቤት የሚወስደኝ መኪና ደጅ ጥሩምባ እየነፋ ነው፤ አባትሽ በሩን ይዞ ቆሟል።

የነካሽው ይለምልም፤ የያዝሽው ይጽናልሽ። እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ።

እናትሽ