ማን ቀድሞ ይነሳ

ጥቅምት 4

ከሥራ ገባሁ። የሁለት ሰዎች የፍቺ ውሳኔ ልተረጉም ቁጭ አልኩ። ኮምፒውተሩ ዘሎ የወንድሜን ሲስተም አስነሳና «እንኳን ደህና መጣህ» አለኝ። መጣህ!

ታናሽ ወንድሜ ትናንት «አሻሻልኩት» ብሎኝ ነበር። በእሱ ቤት ማሻሻል ማለት የራሱን አዲስ ሲስተም ጭኖ የእኔና የአባዬ የት እንደገባ አለማወቅ ነው። ጠርቼ ጠየቅኩት።

«አልጠፉም እኮ። አሉ። በቃ አይታዩም።»

አሉ፤ አይታዩም። የአባዬ የስምንት ወር ጽሑፍ እዚያ ውስጥ ነው... እፎይ አልኩ በእውነት።

ጥቅምት 5

አንድ ማሽን፣ ሦስት ሲስተም፤ ሲበራ አንዱ ብቻ ነው የሚነሳው። ለቤቱ ሰላም ሲባል። የወንድሜ ለሕንፃ ንድፍ ነው፣ ሌላ ነገር የለበትም። ሌሊት ሲሠራበት የሚሰማው የተኩስ ድምፅ ከንድፉ መሆን አለበት። የእኔ ለትርጉም። የአባዬ ደግሞ ያ አሮጌው... አሮጌው የአማርኛ መጻፊያ የሚሠራው በሱ ላይ ብቻ ስለሆነ። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የተየበው በዚያ ነው፤ ጣቶቹ ሌላ አያውቁም። ፋይሉን ሌላ ቦታ ስትከፍተው የጥያቄ ምልክት መዓት ነው። ወንድሜ «ይቀየራል» ብሎ አንድ ገጽ ቀየረለት። «ሀ» ሁሉ «ሸ» ሆነች። «ሀዘን» «ሸዘን» ሆኖ መጣ። በጣም ዘመናዊ።

አባዬ የሚጽፈው ስለ እማዬ ነው። ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። «ሳይጠፋኝ ልጻፈው» ይላል። ሐኪሙ የማስታወስ ችሎታው እየቀነሰ መሆኑን ነግሮናል። «ቀስ እያለ ነው» አለን፣ ምሥራች እንደሚያበስር ሰው።

ጥቅምት 6

እንግዲህ ቡትሎደር ልመርጥ ነው። ማሽኑ ሲበራ «የቱን ላስነሳ?» የሚለው ነገር። አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ይህን ያህል ዓይነት!

አንደኛው ከወንድሜ ሲስተም ጋር የመጣው። ከራሱ ሌላ ሰው መኖሩን አያምንም። ባለቤቱን መስሏል። ሁለተኛው የሚያምረው። ሥዕል ብቻ፣ ጽሑፍ የለውም። አባዬ መነጽሩን አድርጎ «ይቺ ምንድን ናት፣ ብርቱካን?» አለ። ሦስተኛው ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ። አስቀያሚ፤ ግን ሁሉንም ቆጥሮ ይዘረዝራል። እሱን መረጥኩ። ባል ስመርጥ ይህን ያህል ብጠነቀቅ...

ጥቅምት 7

ተጫነ። ሦስታችንም ታየን። ስማችንን በአማርኛ ጻፍኩ፣ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ወጣ። በላቲን ፊደል ደገምኩት።

ከዚያ ጭቅጭቅ። ማን ከላይ ይሁን?

«አባዬ ነዋ! ትልቅ ሰው ከታች ይደረጋል እንዴ?» አለ ወንድሜ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማን። አባዬን ከላይ አደረግነው። «ማንም ቁልፍ ካልነካ ግን» አለ ቀጥሎ፣ «የኔ በራሱ ይነሳ፤ ከሁላችሁ በላይ የምጠቀመው እኔ ነኝ። ለመምረጥ አምስት ሰከንድ ይበቃል።»

ይበቃል አልኩ። ክብሩ ለአባዬ፣ ማስነሻው ለወንድሜ። ፍትሕ ማለት ይኼ ነው።

ጥቅምት 8

ይሠራል። ያመሰገነኝ የለም።

ጥቅምት 19

አባዬን ኮምፒውተሩ ጋ ካየሁት ቆየሁ መሰለኝ። «አባዬ፣ ጽሑፉስ?»

«ይበቃል ልጄ። ጨርሻለሁ።»

ባለፈው ጽሑፉ ገና የእሱና የእማዬ ሠርግ ዋዜማ ላይ አልነበረም እንዴ? ለነገሩ እሱ ካለ አለ። እንኳን ደስ ያለህ ብዬው ወደ ፍቺዬ ተመለስኩ። የሰዎቹ ፍቺ ማለቴ ነው። የኔማ አልቋል።

ጥቅምት 23

ጉንፋን ይዞኝ ቤት ዋልኩ።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የማሽኑ ድምፅ ተሰማኝ። በሩ ገርበብ ብሏል። አባዬ ነው። አበራው። መነጽሩን ደረት ኪሱ ውስጥ ፈለገ፣ አወጣ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ አደረገ። ጎንበስ ብሎ የቀስቷን ቁልፍ ፈለገ። ስክሪኑ የወንድሜን ሲስተም ይዞ ነጎደ።

አጠፋው። እንደገና አበራው። አሁን መነጽሩን አድርጓል፤ ጣቱ ግን ቀስቷን ስቶ «ኢንተር»ን ነካ። ስክሪኑ እንደገና ወደ ወንድሜ ሄደ። ሦስተኛ ጊዜ ሞከረ። ከዚያ መነጽሩን አጥፎ ኪሱ ከተተና እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ገባሁ። ደነገጠ፣ የሰው ዕቃ ሲነካ እንደተያዘ።

«ምንም አይደል ልጄ። ዛሬም የወንድምሽ ተራ ነው መሰለኝ። ሌላ ቀን።»

ተራ! አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ ተራ ሲጠብቅ ነበር። እኔ ደግሞ እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። አፈርኩ። ቀልድ የሚሆን ነገር ፈለግኩ... የለም። ያለቀስኩት ከጉንፋኑ አይደለም።

ጥቅምት 24

ለወንድሜ የአምስት ሰከንዱን ቆጣሪ ላጠፋው ነው አልኩት።

«እና ምን ያድርግ? ሰው እስኪመጣ ተገትሮ ይቁም?»

«አዎ። ይቁም።»

«ሴትዮ፣ ይኼ እኮ ኮምፒውተር ነው፣ ዘበኛ አይደለም...» ያየሁትን ነገርኩት። «ሦስቴ?» አለኝ። «ያየሁት ሦስቴ።» ወንበሩን ከኔ ነጠቀና ቁጥሯን ራሱ አጠፋት። የአባዬንም መስመር ቀድማ የምትመረጥ አደረጋት። ከዚያ ቡና ልጠጣ ብሎ ወጣ። ቡና አይጠጣም።

ጥቅምት 27

አባዬ ጠዋቱን ሙሉ ሲተይብ ዋለ። ከምሳ በኋላ ጠራኝ። መዝገብ ቤት እያለ ማንኛውም ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ሌላ ሰው ያነብ ነበር፤ ያ ልማዱ አለቀቀውም። «ፊደል ገድፌ እንዳይሆን እይልኝ» ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

አንድ ገጽ ነው። እማዬን ያገኘባት ቀን፣ የቀሚሷ ቀለም (ሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ነው፣ ዝም አልኩ)፣ ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈኗ። መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፦

«መንገድ ስንሄድ ጫማዬን እስካስር ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ልጆቼ አምስት ሰከንድ ሰጡኝ። ለእነሱ ረጅም ነው። ብዙ ቀን ሞከርኩ፤ አልደረስኩም።»

ደግሜ አነበብኩት። ከኋላዬ ቆሟል፣ ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ስህተት አለው?» አለኝ።

«የለውም አባዬ» አልኩት። «አንድም የለውም።»