ከመርፌው በኋላ ያልሽው

ውድ እታለም፣

ሐሞትሽ በሰላም ወጥቷል፤ ጠጠሮቹ ሦስት ነበሩ። ስፌቱም ደህና ደርቋል አሉኝ። የምጽፍልሽ ግን ስለ ሐሞትሽ አይደለም። አንብበሽ ሳትጨርሺ ቀደሽ እንዳትጥዪው፤ ከጨረስሽ በኋላ እንደ ፍጥርጥርሽ።

ማደንዘዣ መስጠት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ለታካሚ ቤተሰብ በየቀኑ የምናገረው አንድ ነገር አለ፤ «ቁም ነገር ካላችሁ ከመርፌው በፊት አውሩ።» አንጎል ውስጥ ሴሎች የሚነጋገሩት በኬሚካል ነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት የምወጋው መድኃኒት ደግሞ «ተረጋጉ፣ ዝም በሉ» የሚለውን ኬሚካል ያበረታዋል። የተወጋው ሰው አልተኛም፤ ይስቃል፣ ይመልሳል፣ ሐኪሙን ይሳደባል። የሰማውን ወደ ዘላቂ ትዝታ የሚያሻግረው የአንጎል ክፍል ግን ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ሲነቃ ያቺ ሩብ ሰዓት የለችም። ረስቷት አይደለም፤ መጀመሪያውኑ አልተያዘችም።

በቀዶ ጥገናሽ ዕለት ተረኛው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ «ዓይንህን አያሳየኝ» ስትዪኝ ኖረሽ፣ እንደገባሁ ፊትሽን አዞርሽ። «ሌላ ሰው የለም?» አልሽ። የለም አልኩሽና ወጋሁሽ።

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ዞረሽ አየሽኝ። «ውይ፣ አንተ! ፀጉርህ እኮ ጥሎህ ሸሽቷል!» ብለሽ ከት ብለሽ ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳልጠይቅሽ እናታችን የሞተችበትን ቀን አነሳሽ።

ስለዚያ ቀን በምን እንደምትከሺኝ አውቃለሁ። ሐኪሙ ያዘዘላትን የሕመም ማስታገሻ አንቺ ሳትደርሺ ሰጠኋት። ተኛች፣ አልነቃችም፣ በዚያው አለፈች። «ምናለ ብትጠብቀኝ!» ብለሽ የጮህሽብኝ አሁንም ይሰማኛል። ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ የሚረጨው ኬሚካል ትዝታን ያጠብቃል፤ ስለዚህ የመጋረጃውን ቀለም፣ የቴርሞሜትሩን ቁጥር ሳይቀር ሳልፈልግ ይዤዋለሁ።

«ውጭ ነበርኩ» አልሽኝ። «ከአራት ሰዓት ጀምሮ ከቤታችን በር አጠገብ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ። ስታቃስት በመስኮቱ ይሰማኛል። እግሬ እምቢ አለኝ። ጸጥ ስትል ነው የገባሁት። አንተ ላይ የጮህኩት ራሴ ላይ መጮህ ስላቃተኝ ነው።»

ያ መድኃኒት አፍ ስለሚፈታ ያልሆነ ነገርም ያስወራል፤ ተጠራጠርኩ። አንቺ ግን ቀጠልሽ፤ «በዚያ ሕመሟ እንኳ ‹ያንን ቧንቧ ዝጋው፣ ውሃው ፈሶ አለቀ!› እያለች ስትቆጣህ ሰምቻለሁ።» ቤት ውስጥ ከእሷና ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም፤ ያለችኝንም ለማንም አልተናገርኩም፤ እውነትሽን ነበር።

«ይቅር በለኝ» አልሽ። «ይቅር ብያለሁ፣ አንቺም በይኝ» አልኩ። «ብያለሁ፣ ሞኝ» አልሽና እጄን ጨበጥሽ። ለሰው ሁሉ የምመክረውን ባለሙያው ራሴ ረሳሁት። ስድስት ዓመት የጠበቅነውን ነገር በማይያዝበት ሰዓት ተነጋገርነው።

በማግስቱ ክፍልሽ ስመጣ ግድግዳውን እያየሽ «ምን ለፈለፍኩ?» አልሽኝ።

«ምንም። በፀጉሬ አሾፍሽ።»

ፈገግ ልትዪ ነበር፤ ከዚያ ማን እንደሆንኩ ትዝ ሲልሽ ተውሽው። «ነርሷን ጥራልኝ» አልሽ። በሥራችን ታካሚ በመድኃኒት ያወራው ከዚያ ክፍል አይወጣም። እኔ ግን ስለ ደንቡ ብዬ አይደለም የዋሸሁሽ፤ ፈርቼ ነው። ብነግርሽ «በተኛሁበት ምስጢሬን ዘረፈኝ» ትያለሽ ብዬ።

አሁንም እንደዚያ ልትዪ ትችያለሽ። ማኩረፍሽን ቀጥዪ፣ ችዬዋለሁ፤ ለምጄዋለሁም። ነገር ግን ያንቺ የሆነ ነገር እኔ ጋ ቀርቷል፤ ስላፈርኩበት እስከ ዛሬ ለማንም አላወጣሁትም።

ማስታገሻውን ልሰጣት ስል እናታችን ክንዴን ይዛ «መጣች?» አለችኝ። «መጥታለች፣ በር ላይ ናት» አልኳት። «እሰይ» ብላ ዓይኗን ከደነች። ለምትሞት እናቴ ዋሸሁ እያልኩ ስድስት ዓመት ኖርኩ። ለካስ እውነቴን ኖሯል።

ታናሽ ወንድምሽ