ሳላነበው ያጠፍኩት ወረቀት

ውድ ሚጡ፣

አርባ ስድስት ዓመት ሞልቶሽም ሚጡ ማለቴን አልተውኩም፤ አንቺም ጋሼ ማለትሽን አልተውሽም ነበር። ስልኬን ማንሳት ካቆምሽ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀን ነው። ልጅሽ «እማዬ ተኝታለች» ትለኛለች። ጠዋትም ተኝታለች፣ ከሰዓትም ተኝታለች። መዋሸት አይሆንላትም፤ ካንቺ አልተማረችውማ። ስለዚህ እጽፋለሁ።

ማክሰኞ ወደ መጀመሪያዋ ሐኪም እንደምትመለሺ ሰማሁ። ከዚያ በፊት ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ።

መጀመሪያ እሷ ጋ የሄድንበትን ቀን ታስታውሻለሽ። ጠባብ ክፍል፣ ሦስት ወንበር፤ እኔ እግሩ በሚንገጫገጨው ላይ ተቀምጬ፣ ገና ምንም ሳይባል ተናድጃለሁ። ሐኪሟ የጡትሽ ካንሰር ወደ አጥንትሽ መሰራጨቱን ነገረችን። ጨርሰን አናጠፋውም፣ ግን ለዓመታት ልንይዘው እንችል ይሆናል አለች። የሚያድገው በሆርሞን ስለሆነ ሆርሞኑን በሚያግድ ኪኒን እንጀምራለን አለች።

«ኪኒን ለራስ ምታት ነው» አልኳት። «እህቴ ደሃ መስላዎት ነው?»

«የሕክምና ደረጃ መመሪያው የሚያዘው ይኼንን ነው።»

«የታለ ደረጃው? በጽሑፍ ያሳዩኝ።»

ሳትቆጣ ሁለት ገጽ አትማ በእርሳስ አሰመረችበትና ሰጠችኝ። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ወደ አንቺ ዞረች። «እርስዎስ ምን ይፈልጋሉ?» አለችሽ። አፍሽን ከፈትሽ።

«መዳን ነዋ፤ ሌላ ምን ትፈልጋለች?» አልኩ እኔ።

አፍሽን ገጠምሽ።

በሳምንቱ ሌላ ክሊኒክ ወሰድኩሽ። እዚያ ያለው ሐኪም የጠየቅኩትን ሰጠኝ፤ ጠንካራውን፣ በደም ሥር የሚገባውን ኬሞ፣ ስድስት ዙር። ፀጉርሽ ሲረግፍ «እየሠራ ነው ማለት ነው» አልኩሽ። ትኩሳት አምስት ቀን አልጋ ላይ ሲጥልሽ «አይዞሽ፣ ጠላትሽም ታሟል» አልኩሽ። «ጋሼ፣ ጠላቴ ቁርሱን በልቷል፤ ያልበላሁት እኔ ነኝ» አልሽኝ። ነርሷ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። አሁን ሳስበው ቀልድ ይሁን አይሁን አላውቅም።

በአምስተኛው ዙር ጣቶችሽ ደነዘዙ። ሃያ ሁለት ዓመት በልብስ ስፌት የኖረች ሴት ከጠረጴዛ ላይ መርፌ ማንሳት አቃታት። ልጅሽ የሸሚዝሽን ቁልፍ ስትቆልፍልሽ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ስድስተኛውን «አልሄድም» አልሽ። «እዚህ ድረስ መጥተሽ?» ብዬ ጮህኩብሽ። ስልኩን የዘጋሽብኝ ያን ጊዜ ነው።

ባለፈው ሳምንት የቦርሳዬ ዚፕ ተበላሽቶ ዕቃዬን ሳራግፍ ያ ወረቀት ወደቀ። ቆሜ አነበብኩት። እንዲህ ላለው ካንሰር በቅድሚያ ኪኒን፤ ጉበት ወይም ሳንባ በፍጥነት እየከዳ ካልሆነ በቀር ኬሞ አይቀድምም ይላል። የአንቺ ጉበትም ሳንባም ደህና ነበሩ። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ኮንክሪት እየጨፈለቅኩ ጥንካሬውን እለካለሁ። ደረጃውን ሳያነብ የፈረመ ባለሙያ ካገኘሁ ከሥራ አግዳለሁ። ሰባት ወር ሙሉ ወረቀቱን በብብቴ ይዤው ዞርኩ።

ልናደድ ተነሳሁ፤ በማን ላይ እንደሆነ ጠፋኝ። ክሊኒኩ ሄጄ ሐኪሙ ላይ ጮህኩ። «ጠንካራውን ያሉኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ እኔ ነኝ። ግን እሱስ እሺ ይለኛል? ደግሞ የመጨረሻው ምርመራ ዕድገቱ ቆሟል ይላል። ኪኒኑስ ያቆመው ነበር? ጣቶችሽን ሳይነካ? እኛ በሥራችን ከአንድ የኮንክሪት ቅልቅል ሦስት ናሙና እንወስዳለን፤ አንዱ ቢያሳስት ሌላው ይመሰክራል። አንቺ ግን አንድ ነሽ። ማንን ልጠይቅ?

በአንቺም ተናድጃለሁ፣ አልደብቅሽም። «ጋሼ፣ ተው» ማለት ምን ይከብዳል? ከዚያ ደግሞ አባታችን ከሞተ ወዲህ «ተው» ስትዪኝ መቼ ሰምቼሽ እንደማውቅ አስባለሁ። አንድም ቀን አልመጣልኝም።

ወረቀቱን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። በሁለተኛው ገጽ ግርጌ ሐኪሟ ሁለት ጊዜ ያሰመረችበት መስመር አለ፤ በእያንዳንዱ ውሳኔ የታማሚዋ ፍላጎት ይጠየቅ ይላል። አንቺ ተጠይቀሽ ነበር። መልስሽን ከአፍሽ የነጠቅኩሽ እኔ ነኝ።

ማክሰኞ በመኪናዬ ላድርስሽ። ክፍሉ ውስጥ አልገባም። ወረቀቱን ካነበብኩ ወዲህ ያ ከፍተሽ የገጠምሽው አፍ ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል። ምን ልትዪ ነበር? ለእኔ ባትነግሪኝም አይከፋኝም። ውሸቴን ነው፣ ይከፋኛል። ግን ለሐኪሟ ንገሪያት።

በሩ ተዘግቶ ኮሪደሩ ላይ የሚጠብቅሽ፣
ጋሼ