ወና ያሉት ቤት

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

ወፍጮ ቤት ተራ ይዣለሁ። ፊቴ ብዙ ሴቶች አሉ። እህሌን ለወረፋ ጎረቤቴ አደራ ብዬ ከተማውን ልዞር ወጣሁ።

ከደሴ ከተመለስሁ ሳምንት አለፈኝ፤ እስከ ዛሬ ከወንድሜ ከዘለቀ ግቢ አልወጣሁም ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ ደሴ የሚያስቀምጠኝ ነገር የለም። ደብረ ታቦር ያደግሁበት አገር ነው፣ መንገድ አይጠፋኝም ብዬ ነበር። ጠፋኝ።

ላይ ሰፈር። ቤ/ክርስቲያኑ አለ፣ ቅጥሩም አለ። የካህናቱ ጎጆዎች ግማሾቹ ቆርቆሮ ለብሰዋል። ድሮ ከዚህ ሲታይ የሣር ክዳን እንደ መንጋ ተጠጋግቶ ነበር የሚታየው። አሁን እዚህም እዚያም ያብረቀርቃል፣ ዓይን ይወጋል።

ገበያው ሰፍቷል። ከገበያው በታች ቁልቁለቱ፣ ከዚያ ወንዙ። ጣሊያን የሠራው ድልድይ አንድ ጎኑ ተሸርፏል፤ ሰዉ በደህናው ጎን ይተላለፋል። ከድልድዩ ማዶ የሸማኔና የነጋዴ ቤቶች፣ የእንጨት ሰገነታቸው ወደ ውኃው ያዘነበለ፣ በራቸው ሰማያዊ። እነሱን ሳይ ደስ አለኝ። ከወዲህ ደግሞ ታች ሰፈር። የአክስቴ የእናኒ ቤት።

ክብ ነው፣ ባለ ፎቅ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ በጭቃ። ከልጅነቴ እስክዳር ድረስ የኖርሁበት። በሩ በሽቦ ታስሯል። ክዳኑ በአንድ ወገን ጎድጉዷል። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፦ ይፈርሳል።

ወፍጮ ቤት ተመለስሁ። ተራዬ አልፏል። እንደገና ከጀርባ ቆምሁ።

ማታ

እራት ላይ ዘለቀን ጠየቅሁት። የቀበሌው ሊ/መንበር እሱ ነው። እጁን ሳይታጠብ ነገረኝ፣ ቶሎ ልገላገለው ያለ ይመስላል።

«እታለም፣ እናኒ ካረፈች ሁለት ክረምት ሆነ። ጭስ አልወጣበትም። ወና ነው። ሕዝቡ ተሰብስቦ ወስኗል።»

ድንጋዩ ለቀበሌው አዲስ አዳራሽ ይውላል። ነገ ሳይሆን በሚቀጥለው እሑድ፣ ሰው ሁሉ ዶማና ዲጅኖ ይዞ ይወጣል፤ የሥራ ዘመቻ።

ለእኔ አከራየኝ አልሁት። ቤት የለኝም፣ የምኖረው አንተ ጓዳ ነው። ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ተወው። ለእህቱ ቤት ሰጠ ይሉኛል አለ። በሚቀጥለው ስብሰባ የሂስ ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ አለ።

ሐሰት አልተናገረም። እሱ ሊሰጠኝ አይችልም። ደብተር፣ ስማኝ፤ ከእሱ አልጠይቅም። ቤቱን ግን አልተውም።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ሽቦውን ፈታሁት። ማንም አላየኝም ማለት አልችልም፤ ሁሉም አየኝ።

ውስጡ የአይጥና የእርጥብ ሣር ሽታ። አክስቴ ግድግዳው ላይ የለጠፈችው ጋዜጣ ግማሹ አለ። እኔ ፊደል የለየሁት ከዚህ ግድግዳ ነው። ትምህርት ቤት አልሄድሁም። እሷ ማንበብ ስለማትችል አንዳንዱን ገልብጣ ለጥፋዋለች፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ የተገለበጠ ጽሑፍ አንገቴን ሳላዞር አነባለሁ። ዛሬ አንዱን አነበብሁ። ስለ ከብት በሽታ ነው። ያኔም የማነበው እሱን ነበር።

ደረጃው ይይዛል። ፎቁ ላይ ወጣሁ። ከምድጃው ትክክል በላይ ያለው የጣራ እንጨት በጥላሸት ጠቁሯል፤ በጥፍሬ ብጭረው አልጎደለም። ጭስ ያላገኘው ወገን ግን በጣቴ ገባሁበት፣ እንደ እርጎ። የሣር ቤት የሚሞተው በዝናብ አይደለም። ጭስ ሲያጣ ነው።

ግንቡ ምንም አልሆነም። ጀርባዬን ተደግፌው ቆየሁ። ቀዝቃዛ፣ ቀጥ ያለ።

ስወጣ አዛለች ደጅ ቆማለች። የቅርብ ጎረቤት ናት፣ አጥሯ ከዚህ ቤት አጥር ጋር ይያያዛል። አብረን ውኃ የቀዳን።

«ወና ቤት ባለቤት አለው» አለችኝ። «ሲመሽ እሰማዋለሁ። ይፈጫል።»

«ምን ይፈጫል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ገብቼ አላየሁ።»

«እህል ካለው ደህና ነው፣ እኔም ወፍጮ ቤት ተራ አልይዝም» አልኋት። ሳቋ አመለጣት፣ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ግን ደጄን አትርገጪ ብላኝ ሄደች። ወና ቤት ገብቻለሁና።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ ሚካኤል

የኅዳር ማጠኛ። ከተማው ሁሉ ጉድፉን ያቃጥላል። ጭሱ ከላይ ሰፈር ተነሥቶ ቁልቁል ወንዙ ላይ ተኝቷል። ድልድዩ ላይ ቆሜ እያሳለኝ አያለሁ። ወዲያ ማዶ ሳይቀር ይጨሳል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ቤቱን ያጥናል። ከየክዳኑ፣ ከየግቢው። አንዱ ብቻ ዝም። አክስቴ ቤት።

ወና የሚለው ቃል ምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ። ሕዝቡ የወሰነው በቤቱ ላይ አይደለም፣ ባልወጣው ጭስ ላይ ነው። እንግዲያው ይውጣ።

ክብሪት አለኝ። ነገር ግን ክብሪት አይሆንም። በዚህ ሰፈር ቤት ገባ የሚባለው ከጎረቤት እሳት የጫረ ሰው ነው። እሳት የሰጠህ ጎረቤቴ ነህ ብሎሃል። በክብሪት የለኮሰ እንደ መንገደኛ ነው፣ ነገ ያጠፋል ይሄዳል። ስለዚህ መለመን አለብኝ። መለመን ደግሞ በሕይወቴ የምጠላው ነገር ነው።

ኅዳር 13፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ፍም መያዣ የሸክላ ገል ይዤ አዛለች ደጅ ሄድሁ። እሳት ስጪኝ። ለማን? ለእናኒ ቤት። ወደ ቀበሌው አቅጣጫ አየች። እሳቴ ጠፍቷል አለች። ከራሷ በላይ የጣራዋ ጭስ ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሁለታችንም ቀና ብለን አየነው።

ሁለተኛዋ ጎረቤት፣ ልጄ ታሞብኛል አለች። ልጇ አጥር ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ሦስተኛዋ በሩን አልከፈተችም።

ተናደድሁ። እንዲህ ስናደድ ራሴን አላውቀውም። ድልድዩን ተሻገርሁ።

እማማ ዘሃራ በሰገነታቸው ላይ ክር ያጠነጥናሉ። የሸማኔ ባልቴት ናቸው፤ አክስቴ ኩታዋን ሁሉ ከእሳቸው ቤት ነበር የምታሠራው። ዓይናቸው ደክሟል፣ በድምፄ ለዩኝ። ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኋቸው። እኔ እንዲህ አላወራም፤ እሳቸውም ይህን ያውቃሉ፣ ክሩን አቁመው ሰሙኝ።

«የሚሰጥሽ አጥተሽ ነው ማዶ የመጣሽ?»

«አዎ። አንቱም ቢፈሩ አልቀየምም።»

«ምን እፈራለሁ? አዳራሽ አትግቢ እንዳይሉኝ ነው? ጠርተውኝም አልሰማ፣ ጆሮዬን ያመኛል።» ወደ ጓዳ ጮኹ፣ ምራታቸው ፍም አወጣች። ገሌን አይተው ጠባብ ነው ብለው በራሳቸው ገል ቀየሩልኝ። ከሥር አመድ፣ ከላይ አመድ። «ክብሪት የሱቅ ነው፣ እሳት የጎረቤት። ወንዝ መሐላችን ቢኖርም ጎረቤት ነን በያቸው።»

ድልድዩ ላይ ነፋስ አገኘኝ። ፍሙን በነጠላዬ ከለልሁት፣ ጫፉ ተለበለበ። ሰው ያየኛል፣ ማንም ሰላም አላለኝም። እኔም አልጠበቅሁም።

ምድጃው አልይዝ አለኝ፤ እርጥበት ጠጥቷል። ነፋሁ፣ ዓይኔ እስኪጠፋ ነፋሁ። ያዘ። ጭሱ መጀመሪያ ቤቱን ሞላው፣ አይጦቹ ወጡ፣ እኔም ወጣሁ። ደጅ ቆሜ ክዳኑን አየሁት። በሣሩ ውስጥ ቀስ ብሎ፣ ከየቦታው፣ እንደ ላብ ወጣ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

እዚያው አደርሁ። ማንም አልፈጨም።

ጠዋት ዘለቀ መጣ። አልገባም፣ ደፍ ላይ ቆመ። ሕዝብ ፊት ልታዋርጂኝ ነው? አለ። አይደለም አልሁት። አንተ ቤት አልሰጠኸኝም፣ ይህን ለማንም መስክር። እዚህ አሳድረኝም አላልሁህም። አጥፊው አለ። አላጠፋም አልሁ። ታላቁ ነኝ፣ በጀርባዬ ያዘልሁት ልጅ ነው፤ አሁን ግን ሽጉጥ ታጥቋል። ሁለታችንም ሽጉጡን ላለማየት ሌላ ሌላ አየን። እታለም አላለኝም። ሄደ።

ከሰዓት ሹሮ ሠራሁ። ብቻዬን በላሁ። ጥሩ ነበር።

ኅዳር 15፣ እሑድ

የነቢያት ጾም ገባ። ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ጥሩምባ ተነፋ። ዶማው፣ ዲጅኖው፣ አካፋው ታች ሰፈር ወረደ። ዘለቀ ከፊት።

በሩን ከፍቼ ደፉ ላይ ተቀመጥሁ። ከኋላዬ ምድጃው ይነድዳል።

ቆሙ። ማንም ዲጅኖውን አላነሣም። እሳት በተቀመጠበት ቤት ግድግዳ ላይ ብረት የሚመታ ሰው እዚህ አገር የለም፤ ቤቱ የሰው ነው፣ መምታቱ ሰው መምታት ነው። ይህን የሚያውቁት ከእናታቸው ነው እንጂ ከስብሰባ አይደለም። አንጥረኛው ከመሐል ተናገረ፦

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ የወሰንነው ወና ይፍረስ ብለን ነበር። ይኼ ሹሮ ይሸታል።»

ሳቅ ሆነ። ዘለቀ አልሳቀም። በማን ፈቃድ ገባሽ አለኝ፣ እንደማያውቀኝ ሰው። ተነሣሁ። ቤት የለኝም አልሁ። ይህ ቤት ጭስ የለውም ብላችሁ ፈረዳችሁበት፤ ይኸው ጭሱ። አዳራሹን ሥሩ፣ ድንጋይ ከወንዙ እኔም እሸከማለሁ። የቆመ ቤት አፍርሶ የሚሠራ አዳራሽ ውስጥ ግን ስለ ምን ልትሰበሰቡ ነው? ከዚህ በላይ አልመጣልኝም። ተቀመጥሁ።

እሳቱን ማን ሰጠሽ አለ። የእማማ ዘሃራን ስም ከአፌ አያገኝም።

«እኔ ነኝ የሰጠሁ» የሚል ድምፅ ከድልድዩ መጣ። እማማ ዘሃራ፣ በምራታቸው ትከሻ ተደግፈው። «ገሌንም አልመለሰችልኝ።»

ይህን ጊዜ አዛለች ከሴቶቹ መሐል ወጥታ ምን ብትል ጥሩ ነው፦ «እኔንም ጠይቃኝ ነበር። ጠፍቶብኝ ነው እንጂ እሰጣት ነበር።» የሳቀውን ልነግርህ አልችልም። እኔም ሳቅሁ።

ዘለቀ ሰዉን ወደ ገበያው ቦይ ጠረጋ አዞረው። የቤቱ ነገር ማክሰኞ ከሰዓት በጠቅላላ ስብሰባ እንደገና ይታያል አለ። ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ እጄን አላወጣም። ለአንቺም፣ በአንቺም» አለኝ። ከእሱ ይህ ብዙ ነው። አመንሁት።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ፣ ማለዳ

የዘለቀ ሚስት መልእክት ላከችብኝ። ጥቁሩን ልብስሽን ልበሺ፣ ባልቴት ነኝ ብለሽ አልቅሺ፣ ይራሩልሻል። መልካም ሴት ናት። ነጩን ነው የምለብሰው። አላለቅስም። እዚያ እኖራለሁ፣ ኪራዩን እንደማንም ሰው እከፍላለሁ እላለሁ። ይፍረስ ብሎ እጁን የሚያወጣ ካለ፣ በዚያው እጁ መጥቶ ፍሙን ከምድጃዬ ያውጣ። እኔ አላወጣለትም።

እንቅልፍ አልወሰደኝም ማለት ውሸት ነው፤ ወሰደኝ።

ስብሰባው ከሰዓት ነው። ለክዳኑ የሚሆነው ሣር፣ ሰንበሌጡ፣ ግን ጤዛው ሳይረግፍ ነው የሚታጨደው፣ ፀሐይ ከመታው ይሰባበራል። በጉና መንገድ ዳገቱ ላይ የደረሰ አይቻለሁ። የማዶዎቹ ሴቶች ሁለት ሆነው እንመጣለን ብለዋል። አዛለችም ከአጥሯ ላይ ገመድ አለኝ ብላለች፤ እመጣለሁ ግን አላለችም።

ይቁምም ቢሉ ይፍረስም ቢሉ፣ የጎደጎደውን ወገን ዛሬ እገልጠዋለሁ፣ አዲስ ሣር ይገባበታል። ሲወስኑ እኔ ጣራ ላይ ብሆን ይሻላል። እዚያ ያግኙኝ፤ ቃሌን ሲሹ ከዚያ ይጥሩኝ፣ ወርጄ እናገራለሁ።

ማጭዱን ስያለሁ። ሄድሁ።