እንግዳ ትቅደም ተብሎ የተፈረደባት ድምፅ

ደሴ፣ ሰኔ 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ፈንታሁን፣
የክፍለ ሀገራችን የድምፅ ገምጋሚ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣
ባሉበት።

የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ በተለይም የሁለቱን ጆሮዎችዎን ጤና በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ግንቦት 12 ቀን የተጻፈውን የኮሚቴዎን ቃለ ጉባኤ ካነበብሁ ወዲህ ብቻ የሰው ሬዲዮ ሽቦ እያሳሳትሁ እገጥማለሁ። ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁት፣ በፖስታ አሽጌ የላክሁት ሁሉ «ማኅተም የለውም» እየተባለ ሦስት ጊዜ ስለተመለሰብኝ ነው። በሱቄ መስኮት ላይ ስለጥፈው ግን ከአላፊ አግዳሚው መካከል ማኅተም የሚጠይቀኝ ያለ አይመስለኝም።

እኔ ሙሄዲን ይማም እባላለሁ፤ ሸዋ በር ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። ከዚያ በፊት አስመራ ውስጥ በአንድ ጣሊያናዊ የሙዚቃ ሸክላ መደብር አሥራ አንድ ዓመት ስላገለገልሁ፣ ኦፔራ የሚባለውን፣ ማለትም ተዋንያኑ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዘፈን የሚጫወቱትን ጥበብ፣ ከሸክላ እየሰማሁ መመዘን ተምሬአለሁ። አንዱን ዜማ አምስት ዘፋኞች ሲዘፍኑት ሰምቼ፣ የማን ትንፋሽ የት ላይ እንደተቆረጠ፣ ማን ከዜማው ጫፍ በእውነት እንደደረሰና ማን በጩኸት እንደሸፈነው እለያለሁ። ይህ እርስዎን የሚያስቀና ሙያ አይደለም፤ እርስዎ ሳይሰሙ የሚለዩ ሰው ነዎት።

ነገሩን ለማያውቅ መንገደኛ ስል ከሥሩ ልጀምር። ከአንድ ወዳጅ አገር ለክፍለ ሀገራችን የአንድ ሰው የኦፔራ ድምፅ ትምህርት ዕድል መጣ፤ እጩ መምረጡም ለኮሚቴዎ ተሰጠ። ሸሪፋ ዘይኑልአቢዲን የገራዶ ልጅ ናት፣ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ። የአባቷን ሬዲዮ ልታሠራ ሱቄ በመጣችበት ቀን ሸክላ እየዞረ ነበርና፣ ሬዲዮው ካለቀ በኋላም ወንበሩን ሳትለቅ ሰማች፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው እየመጣች ተማረች። ትንፋሽ ማስረዘሙን ግን እኔ አላስተማርኋትም፤ ከእናቷ ጋር መንዙማ ስትል አድጋ ይዛው መጥታለች። እኔም በአንድ ካሴት ላይ መጀመሪያ የእሷን ድምፅ ቀዳሁ፤ ቀጥሎ ለማነጻጸሪያ እንዲሆን ያንኑ ዜማ አንዲት ቡልጋሪያዊት ዝነኛ ዘፋኝ ስትዘፍነው ከሸክላ ቀዳሁ። ማን ቀድማ፣ ማን ተከትላ እንደምትዘፍንም በንጹሕ ወረቀት ጽፌ ከካሴቱ ጋር አያያዝሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የእናንተ ሥራ ነውና ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ወረቀቴ ማኅተም ስለሌለው ሳታነቡት ቀርታችሁ፣ የድምፆቹን ቅደም ተከተል በውይይት ስለወሰናችሁ አመሰግናለሁ። ቃለ ጉባኤው እንደሚገልጸው፣ አንድ አባል ተነሥተው እንግዳ ባለችበት የቤት ልጅ መቅደሟ ከወሎ ባህል ውጭ መሆኑን አስረድተዋል፤ ስለዚህ ቀድሞ የተሰማው ድምፅ የእንግዳዋ ነው ተብሎ ያለ ተቃውሞ አልፏል። እኔም ያደግሁት እንግዳ ሳይቀምስ ማዕድ በማይነካበት ቤት ነውና ባህሉን አውቀዋለሁ። ካሴት ግን እንግዳ ከፍ ተደርጎ የሚቀመጥበት መደብ አይደለም።

ሁለተኛ፣ በዚህ ጨዋነታችሁ የሸሪፋን ድምፅ የቡልጋሪያዊቷ ነው ብላችሁ ከመቶ ዘጠና ስድስት ስለሰጣችሁት ከልብ አመሰግናለሁ። «በሳይንሳዊ ዘዴ የሠለጠነ ድምፅ ነው፤ እንዲህ ያለው ካደገ ኅብረተሰብ ብቻ ይገኛል» ተብሎ ተጽፏል። በታላላቅ መድረኮች ላይ ሠላሳ ዓመት የዘፈነችው ሴት ደግሞ ሸሪፋ ናት ተብላ አርባ አንድ አገኘች። ትንፋሿ አጭር ነው፣ የገጠር ጠባይ አልለቀቃትም፣ ጣሊያንኛዋም ወደ ገራዶ ያደላል ብላችኋል። ሴትዮዋ ይህን ሳትሰማ እንድትኖር አላህ ይጠብቅልን።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ አድናቆቴን መደበቅ አልችልም። ከአባላቱ አንዱ፣ የመጀመሪያዋ ያለ ምንም መሣሪያ ብቻዋን ስትዘፍን፣ ሁለተኛዋ ግን ስልሳ ሰው በሚሆን ኦርኬስትራ ለምን እንደታጀበች ጠይቀው ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ጤነኛ ጆሮ መኖሩን አንብቤ ደስ ሲለኝ፣ የእርስዎን መልስ ከሥሩ አገኘሁት፤ የሠለጠነች ድምፃዊት ድጋፍ እንደማትፈልግ፣ ደካማዋ ግን በመሣሪያ እንደምትሸፈን በሰፊው አብራርተዋል። ሸሪፋ ስልሳ ሰው፣ ያውም ከነቫዮሊኑ፣ ገራዶ ውስጥ ከየት ሰብስባ ከየትኛው ጎተራ ሥር እንዳስቀመጠቻቸው የጠየቀ የለም። ሰውየውም መልሱ አጥጋቢ ነው ብለው ተቀምጠዋል።

አራተኛ፣ ልጅቱን ጠርታችሁ ስለ ትንፋሿ ማጠር ግለ ሂስ ስላስፈረማችኋት አመሰግናለሁ። በዚህም አንዲት የገራዶ ልጅ፣ ፊቷን አይታ ለማታውቃት ቡልጋሪያዊት ሴት ትንፋሽ ይቅርታ ጠይቃለች። ወዳጅነት ከዚህ በላይ ሊጠብቅ አይችልም።

የቀረውን ቁጥር ልሰጠው አልቻልሁም። ሸሪፋ ከፈረመች በኋላ፣ እርስዎ ዘንድ ብቻዋን ገብታ ዜማውን በፊትዎ ልትዘፍንልዎት ለምና ነበር። ፈቀዱላት፤ ለዚህ በእውነት አመሰግናለሁ። ነገር ግን ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሳትደርስ እጅዎን አንሥተው፣ እንግዳዋን መኮረጅ ፈጠራ እንዳልሆነ መክረው መለሷት። ከቢሮዎ በቀጥታ ወደ ሱቄ መጥታ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ቆማ፣ «ጋሼ ሙሄዲን፣ ወላሂ እኔን መስዬ በመዝፈኔ ነው የጣሉኝ» አለችኝ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ብዬ ወንበሩን አቀረብሁላት።

በሳምንቱ ሥራ ልትጠይቅ ኮምቦልቻ ወረደች። ፋብሪካ በር ላይ ከሥራ ፈላጊው ሰልፍ መካከል ቆማ ሳለ፣ እናንተ ካሴቱን አባዝታችሁ ለሠራተኛው ማነቃቂያ ልካችሁ ኖሮ፣ ድምፅ ማጉያው «የወዳጅ አገር ታላቅ ድምፃዊት» ብሎ የገዛ ድምፅዋን አሰማት። ከፊቷ የቆመች፣ ከደጋን የመጣች ሴት እጇን አፏ ላይ ጭና፣ «ሱብሃነላህ! አቦ፣ የሰው አገር ሰው እንዴት ቢታደል ነው!» ብላ ወደ እሷ ዞረች። ሸሪፋ እኔ ነኝ አላለችም። ማን ያምናታል? የመንግሥት ማኅተም ያረፈበት ቃለ ጉባኤ አይደለሽም ይላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ቅዳሜ አልፏል፤ ሱቄ መጥታ ትቀመጣለች እንጂ አፏን ለዜማ አልከፈተችም። ሸክላ ሳስቀምጥም ተነሥታ ትወጣለች።

ጓድ ሊቀ መንበር፣ እስከዚህ ድረስ የጠበቅሁትን ትሕትና ለአንድ አፍታ ይልቀቁልኝ፤ ተናድጃለሁ። በሕይወቴ ብዙ ድምፅ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ከደጄ ደርሷል፤ እሱንም እናንተ አፉን አስያዛችሁት። ስትሳሳቱ አልናቅኋችሁም፤ ስህተት እኔም እሠራለሁ፣ የሰው ሬዲዮም አቃጥዬ አውቃለሁ። የናቅኋችሁ፣ ካሴቱን እንደገና አብረን እንስማው ብዬ ደጅዎ በቆምሁ ጊዜ፣ ያለ ተቃውሞ ያለፈ ውሳኔ በካሴት አይሻርም ያሉኝ ለት ነው።

የእጩዎች ዝርዝር ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው የፊታችን ሰኔ 17 ቀን፣ አርብ ነው። ከእኛ ዘንድ ስም ካልሄደ ዕድሉ ለሌላ ክፍለ ሀገር ይተላለፋል። የሚያስፈልገው በቃለ ጉባኤው ላይ የሁለት ሴቶችን ስም ማቀያየር ብቻ ነው፤ ነጥቡን እንዳለ ይተዉት፣ ዘጠና ስድስት ይበቃናል። ተሳስተናል ብለው እንዲጽፉም አልጠይቅም፤ የጸሐፊ የእጅ ወለምታ ነው ይበሉ፣ እኔም ከመስኮቴ ሥር ለሚያነበው ሁሉ እመሰክርልዎታለሁ።

ሰምቶ ከመፍረድ አድካሚ ልማድ ነጻ ላወጡን፣ የወሎን እንግዳ አክባሪነት እስከ ካሴት ክር ድረስ ላደረሱት ለእርስዎና ለኮሚቴዎ አባላት ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ከፍታ የተነሣ ድምፄ የማይደርስዎት ታናሽ አገልጋይዎ ሆኜ እሰናበታለሁ።

ሙሄዲን ይማም
ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ፣ ሸዋ በር

ግልባጭ፦
ለአቶ ዘይኑልአቢዲን፣ የልጃቸውን ድምፅ ለሚያውቁት፣ ገራዶ
ሸዋ በር ለሚያልፍ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ደብዳቤ፣ ከነማኅተሙ፣ ደረሰኝ። ታላቋን ድምፃዊት ለመስከረም በዓል ልትጋብዟትና በዚያውም ሸሪፋን ትንፋሽ እንድታስተምርላችሁ ልትለምኗት ስላሰባችሁ፣ አድራሻዋን በአስቸኳይ እንድልክ ታዝዣለሁ። ትእዛዝዎን በደስታ እፈጽማለሁ፤ ሸሪፋ ዘይኑልአቢዲን፣ ገራዶ፣ ከመስጊዱ ቀጥሎ ሁለተኛው ቤት። አውሮፕላን አይቁረጡላት፣ አስተርጓሚም አያስፈልጋት፣ እቅፍ አበባም ይቅርባት። እስከ አርብ ድረስ ፊርማዎ ይበቃታል።